የመጀመሪያው በቃኝ

ጦይባ ይማም ጥርሷን እየቦረሸች ሳለ የአባቷ ቁጥር መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ቁጥሩ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ትናንት ወዲያው፣ እንደ ስምንቱ ወር ሁሉ ሦስት ነጥብ ስድስት ነው። ከሥሩ ግን ዛሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበታል፦ «አቶ ይማም አራጋው ዓርብ ከቁርስ በኋላ ወደ ቱቦ ፎቅ ይዛወራሉ።»

በ2098 ዓ.ም. ወላጁን የአዛውንት መኖሪያ ያስገባ ሰው ሁሉ በየማለዳው እንዲህ ያለ ቁጥር ይደርሰዋል። ወላጁ ሊመዝን ከሚገባው ኪሎ ስንት እንደጎደለው የሚናገር ቁጥር ነው። ሰዉ ለምዶታል። ኮምቦልቻ ውስጥ ባልደረቦች ሊፍት ውስጥ ሲገናኙ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» መባባሉን ትተው «እናትሽ ስንት ናቸው?» ነው የሚባባሉት። «ዜሮ ነጥብ ሁለት» ያለ ደረቱን ይነፋል። ከሁለት ያለፈበት ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ሦስት ነጥብ ስድስት ያለው ደግሞ፣ እንደ ጦይባ፣ ደረጃውን በእግሩ መውጣት ይመርጣል።

ቱቦ ፎቅ የመኖሪያው አራተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ገበታ የለም። ምግቡ በአፍንጫ ይገባል፣ ቁጥሩም በሳምንቱ ዜሮ ይሆናል። በየጠዋቱ ዜሮ የሚደርሳቸው ልጆች እፎይ ብለው ይውላሉ ይባላል። እዚያ ወጥቶ፣ ተመልሶ ወርዶ፣ እጁን ታጥቦ ገበታ የቀረበ ሰው ግን ጦይባ ሰምታ አታውቅም።

ነገሩን የሚያከፋው ሥራዋ ነው። ጦይባ የጨርቅ ፋብሪካዎችን የማቅለሚያ ገንዳ የሚቆጣጠሩ ማሽኖችን ትመረምራለች። ሰማንያ ዲግሪ የታዘዘ ገንዳ ሰባ ስምንት ላይ ቁጭ ብሎ አልነቃነቅ ሲል እሷን ይጠራሉ። ያ ሁለት ዲግሪ በሙያዋ ቀሪ ስህተት ይባላል፤ ግርግሩ ሁሉ አልፎ፣ ማሽኑ ተረጋግቶ፣ «ጨርሻለሁ» ካለም በኋላ የማይጠፋው ጉድለት ነው። አሥራ አራት ዓመት የሰው ገንዳ ስታስተካክል ኖራ የገዛ አባቷን የክብደት መስመር አንድ ቀን ከፍታ አላየችም። ያን ጠዋት አፈረች፤ ማፈሯንም ለራሷ አልደበቀችም። የአራት ቀን ፈቃድ ጠይቃ ደሴ የሚወጣውን ባቡር ያዘች።

መኖሪያው ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ሲስተር ትደነቅ፣ ጦይባ አባቷን ካስገባችበት ቀን ጀምሮ የምታውቃት ኃላፊ፣ በሩ ላይ ተቀበለቻት። የሴትዮዋ ዓይን እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ቀልቷል።

«መምጣትሽ ጥሩ ነው» አለቻት። «እስከ ዓርብ ቁርስ ድረስ ሦስት ገበታ በተከታታይ አሟልተው ከበሉ ዝውውሩ ይሰረዛል። አንድ ገበታ ስድስት መቶ ግራም ነው። አባትሽ አራት መቶ ሃምሳ ላይ ያቆማሉ። ሁልጊዜ አራት መቶ ሃምሳ።»

«ባለሙያዎቹ ምን አሉ?»

«‹መስመሩ የረጋ ነው› አሉ። ስድስት ወር ጮህኩ፤ ስድስት ወር ‹የረጋ ነው፣ ምን ችግር አለው?› ነው መልሱ።»

ጦይባ መስመሩን አየችው። አባቷ ከሦስት ዓመት በፊት የገቡ ሰሞን ቁልቁል ወርዷል፣ ቀስ እያለ ሄዷል፣ ከዚያ ከዒላማው በታች ተዘርግቶ ተኝቷል። ሁለቱ መስመሮች ስምንት ወር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ አይነካኩም። እውነትም የረጋ ነው። በጦይባ ሙያ ግን የረጋና የደረሰ ለየቅል ናቸው። ምግቡን የሚያቀርበው ማሽን፣ አዛውንቱ «አስተናጋጁ» የሚሉት፣ ጎደሎውን አይቶ በጎደለው ልክ ይገፋል። ጎደሎው ሲያንስ ግፊቱም ያንሳል። በመጨረሻ የማሽኑ ግፊትና የሰውየው እምቢታ እኩል የሚሆኑበት ቦታ ይመጣና ሁለቱም እዚያ ይቆማሉ። ማንም አልተሸነፈም፤ ሦስት ነጥብ ስድስት ኪሎ አባት ግን የለም።

ምሳ ሰዓት ደርሶ ስለነበር አዳራሹ በር ላይ ቆማ አየች። አርባ ትንንሽ ጠረጴዛዎች፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰው፣ ፊት ሁሉ ወደ መስኮት። ከሰሃኑ ሥር ሚዛን፣ ከወንበሩ ሥር ሚዛን። ከጣሪያው የሚወርድ ነጭ ክንድ ወጥ እየጨለፈ በየጠረጴዛው ይዞራል። አባቷ ጋ ሲደርስ ትሕትና በሞላው ድምፅ «ጋሽ ይማም፣ ልጨምርልዎ?» አለ።

«በቃኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ አቶ ይማም።

«እሺ» አለና ክንዱ ተነሣ። ጎን ያሉት ሴትዮም «በቃኝ፣ ይመስገን» አሉ፤ «እሺ» አላቸው። ከዚያ ወዲያ ያሉትም። በአርባ ጠረጴዛ አርባ በቃኝ፣ አርባ እሺ። የአባቷ ቀኝ እጅ ግን ሰሃኑ ጠርዝ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ጣቶቹ ለመጉረስ እንደተሰበሰቡ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ተዘረጉ። ጦይባ አየችው፤ ያየችው ምን እንደሆነ ግን ያኔ አልገባትም።

«ልጄ!» አሉ ዞር ሲሉ፣ ፊታቸው ሁሉ በርቶ። «ምነው በደህናሽ ነው? ሥራ የለም እንዴ?»

ለዓርብ ሲባል እንደመጣች ያውቃሉ። እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። ስለ አየሩ አወሩ።

አቶ ይማም ሸዋ በር አካባቢ አርባ ዓመት ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ደሴ ውስጥ የእሳቸውን ሱሪ ለብሶ ያልተሞሸረ ወንድ ብርቅ ነው። ክፍላቸው ገብታ ጃኬታቸውን ስታንጠለጥል ጦይባ አልጋው ላይ የተጣጠፈውን ሱሪ አነሣችው። ወገቡ ተፈትቶ ጠቧል፤ አንዴ ሳይሆን ሁለቴ። የድሮው ስፌት ቀዳዳ በመስመር ይታያል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ የማንም ዓይን አይይዘውም። አባቷ ክሳታቸውን በራሳቸው መርፌ ደብቀውታል። ሱሪውን እንደነበረ አጥፋ መለሰችው።

የመጀመሪያ ሥራዋን የሠራችው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው፣ በሲስተር ትደነቅ ፈቃድ፣ በአባቷ ጠረጴዛ ብቻ። ሠልጣኝ ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገውን አደረገች፤ የማሽኑን ጉልበት እጥፍ አደረገችው። በጎደለው ልክ እጥፍ ይግፋ።

እራት ላይ ክንዱ የሠርግ የሚያህል ቁልል ይዞ ወረደ። አቶ ይማም ግራ ቀኝ አዩ።

«ይሄ ሁሉ የእኔ ነው?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ምን ይለኛል?»

ሰው እንዳያይባቸው አቀርቅረው ቶሎ ቶሎ በሉት፤ ሰባት መቶ ግራም። ጦይባ በልቧ እልል አለች። ጠዋት ግን ሆዳቸው ተነፋ፣ ቁርስ ላይ መቶ ሃምሳ ግራም እንኳ አልበሉም። ማሽኑ ጎደሎው መጨመሩን አየና ለምሳ የባሰ ቁልል አመጣ። የገበታው መስመር እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። ረቡዕ ቀትር ላይ ጦይባ ጉልበቱን ወደ ነበረበት መለሰችው። ወደ ዓርብ አንድ ቀን ተኩል ቀርቷል።

ሰገነቱ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ጎናቸው ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ለምን አይበሉም?»

«እበላለሁ እንጂ።»

«ይተዋሉ። እየራብዎ ይተዋሉ።»

አቶ ይማም ሻርፓቸውን አስተካከሉ። ሲናገሩ የሌላ ሰው ነውር የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። «አንዴ ነው የሚጠይቀው» አሉ። «አንዴ ‹ልጨምርልዎ› ይላል፣ ‹በቃኝ› እለዋለሁ፣ ይሄዳል። ምን ልበለው ታዲያ? ‹አዎ፣ ጨምርልኝ፣ ሆዳም ነኝ› ልበለው? ሰው ሳይለመን ይበላል እንዴ?»

ጦይባ አፏን ያዘች። ለካ ነገሩ ዓይኗ ሥር ነበር። በቃኝ የሚለውን ቃል ለማሽኑ ያስተማሩት ሰዎች መዝገበ ቃላት አይተው ነው ያስተማሩት። ደሴ ውስጥ አንደኛው በቃኝ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው አካባቢ ነው ሰው እውነቱን መናገር የሚጀምረው። ማሽኑ የሚሰማበት ጆሮ ተበላሽቶ ቢሆን ይጠግኑት ነበር፤ ጆሮው ደህና ነው፣ የሰማውን ማመኑ ነው ጥፋቱ።

መፍትሔው በሙያዋ የታወቀ ነው። ቀሪ ስህተትን የሚያጠፋ አንድ መሣሪያ አለ፤ ቋት ይባላል። ቋት ያለው ማሽን የዛሬውን ጎደሎ ብቻ አያይም፤ የትናንቱንም የትናንት ወዲያውንም እያጠራቀመ ግፊቱን ይጨምራል። ጎደሎው እስካለ ቋቱ ይሞላል፣ ቋቱ እስከሞላ ግፊቱ አይቆምም። ጦይባ ነገሩን ወደ ሰው ቋንቋ ስትመልሰው ሳቋ መጣ፦ ቋት ማለት ልመና ነው። እናቶች ሁሉ ያላቸው፣ ማሽኑ ብቻ የሌለው።

ያን ዕለት ማሽኑን መለመን አስተማረችው። አንዴ እምቢ ሲሉት «እስቲ ይቺን ብቻ» እንዲል። ሁለቴ ሲሉት «በሞቴ»። ሦስቴ ሲሉት «ስሞትልዎ»።

ረቡዕ እራት ላይ ክንዱ ወረደ። «ልጨምርልዎ?» «በቃኝ።» «እስቲ ይቺን ብቻ።» አቶ ይማም ቀና አሉ። ጎን ያሉት ሴትዮ መጉረሳቸውን አቁመው ዞሩ። «በቃኝ አልኩህ።» «በሞቴ፣ ጋሽ ይማም።»

«አንተ ደግሞ» አሉ አቶ ይማም፣ «ምን ሞት አለህና ነው በሞቴ የምትለው?»

አርባ አዛውንት በአንዴ ሳቁ። ጦይባም ሳቀች። ሳቁ ግን ለምግቡ ምንም አልጠቀመውም። ቋቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲሞላ አደረና ሐሙስ ቁርስ ላይ ማሽኑ አሥራ አንድ ጊዜ በሞቴ አላቸው። ገና እጃቸውን ሳይታጠቡ ጀመረ፣ እየታጠቡ አላቋረጠም፣ አፋቸው ሙሉ ሆኖም «ስሞትልዎ» ይላል። አቶ ይማም ፊታቸው ጠቆረ። ሰሃኑን ገፋ አድርገው ተነሡ።

«ይቀልድብኛል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «በስተርጅና መቀለጃ ሆንኩ።»

ጦይባ ቋቱን ባዶ አድርጋ ዘጋችው። ሦስት ገበታ ነው የቀረው፤ የዛሬ ምሳ፣ የዛሬ እራት፣ የነገ ቁርስ። አንዱ ከጎደለ አለቀ። የምታውቀውን ሁሉ ጨርሳለች። ዓርብ ጠዋት ቱቦውን ሲያስገቡ እጃቸውን ይዛ መቆም ብቻ ነው የቀራት፣ ያንንም የምትችል አልመሰላትም።

ምሳ ላይ በርጩማ ስባ አባቷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። የሠራችው ነገር አልነበረም፤ እንዲሁ አብራቸው መሆን ፈለገች። አቶ ይማም አዩዋት።

«ምሳ በልተሻል?»

«አዎ፣ በልቻለሁ።»

«አልበላሽም። ከንፈርሽ ደርቋል።»

«ኧረ በቃኝ፣ አባዬ፣ ይብሉ እርስዎ።»

አቶ ይማም ሰሃኑን ወደ መሃል ሳቡት። እንጀራውን ቆርሰው፣ ሽሮውን ጠቅልለው፣ ያሳመሩትን ጉርሻ አፏ ድረስ አመጡት። «እንቺ።»

«አባዬ፣ ሰው ያየናል...»

«አፈር ስሆን!»

አፏን ከፈተች። ሁለተኛውን አመጡ። ከዚያ «ብይ እንጂ፣ አትፈሪ» ብለው፣ እንዳታፍር፣ ራሳቸው ጎረሱ። እሷ ስትቆርስ እሳቸውም ይቆርሳሉ። እሷ እጇን ስትሰበስብ እሳቸው አይሰበስቡም፤ ቀድሞ እጁን የሰበሰበ ባለቤት እንግዳውን ያስነሣልና። ሽሮው ሲያልቅ ክንዱ ወረደ፣ አየ፣ ግራ ገባው። «ያልተመዘገበ ሰው ገበታው ላይ አለ» አለ።

አቶ ይማም ጣታቸውን አነሡ። «ጨምር!» አሉት። «እንግዳ አለብኝ!»

እስከዚያ ቀን በዚያ አዳራሽ ጨምር ያለ ሰው አልነበረም። ክንዱ ትንሽ ቆየና ጨመረ።

ጦይባ ጉርሻዋ አፏ ውስጥ እንዳለ መዋጥ ረሳች። ማሽኑን አስተናጋጅ ብለውታል። እሱ አስተናጋጅ ከሆነ እነዚህ አርባ ሰዎች ምንድን ናቸው? እንግዳ ናቸዋ። ቤታቸውን ዘግተው፣ ዕቃቸውን አከፋፍለው መጥተው፣ ከሦስት ዓመት እስከ አሥር ዓመት ድረስ በቀን ሦስት ጊዜ በሰው ቤት እንግዳ ሆነው ይቀመጣሉ። የጨዋ ልጅ በሰው ቤት ጠግቦ አይነሣም። ይሄን ማንም አልነገራቸውም፣ ማንም ሊያስተዋቸውም አይችልም። ዒላማው ልክ ነው፣ ጉልበቱ ልክ ነው፤ እንግዳና ባለቤት ተቀያይረው ነው።

ሲስተር ትደነቅ ሰሃኑን ስታይ አዘነች። «አይቆጠርም፣ ጦይባ። ሰሃኑ ማን እንደበላው አያውቅም። ሁለታችሁም እጃችሁን አስገብታችኋል።»

«ሰሃኑ አያውቅም» አለች ጦይባ። «ወንበሩስ?»

ወንበሩ በተቀመጡበት ቁጥር ይመዝናል፤ በየማለዳው የሚላከው ቁጥር የሚወጣውም ከእሱ ነው። ከምሳ በፊትና ከምሳ በኋላ ያለውን ግን ሰሃኑ ስላለ ማንም አይቶት አያውቅም። ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ። አቶ ይማም ሲቀመጡና ሲነሡ ያለውን ልዩነት አወጡ፣ የጠጡትን ውሃ ቀነሱ። ስድስት መቶ አርባ ግራም።

ሲስተር ትደነቅ ቁጥሩን ሁለቴ አነበበችው። «ይቆጠራል» አለች፣ ድምፅዋ ሰለል ብሎ። «ማን ከለከለን? ሆድ ውስጥ የገባ ነው። ሁለት ቀረን።»

ግን ጦይባ ዓርብ ትመለሳለች። አባቷ በየቀኑ እንግዳ ያስፈልጋቸዋል፣ ሌሎቹ ሠላሳ ዘጠኝም። ከሰዓቱን ሙሉ ካሰበች በኋላ የማሽኑን ሌላ ነገር ሁሉ እንደነበረ ትታ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀየረች። ከዚያ እራት ላይ አዳራሹ ውስጥ ገብታ ከአባቷ ጎን ያሉትን ሴትዮ፣ እትዬ አመለወርቅን፣ ፈቃድ ጠይቃ ጠረጴዛቸውን ከአባቷ ጋር ገጠመችው። እግሮቹ ወለሉን ሲፍቁ አርባ አንገት ዞረ።

እትዬ አመለወርቅ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ አስተማሪ ነበሩ፣ አሁንም ሰው የሚያዩት እንደ ተማሪ ነው። ሦስት ዓመት ከአቶ ይማም ጎን ሲቀመጡ ከ«እንዴት አደሩ» ሌላ ተነጋግረው አያውቁም።

«ምግባችን ይገጥማል?» አሉ እየተጠራጠሩ።

«ሽሮ ነው፣ እትዬ» አሉ አቶ ይማም። «እስላም ክርስቲያን አይልም። ይቅረቡ።»

«እርስዎ ይቅረቡ እንጂ! ባለቤቷ እኔ ነኝ፤ ጠረጴዛው የእኔ ነው።»

«የእርስዎ ጠረጴዛ ነው ወደ እኔ የመጣው። እንግዳዬ ነዎት።»

ይህ ክርክር በዚያ ምሽትም ከዚያ በኋላም አልተቋጨም። ክንዱ ወረደ። አዲሷን ዓረፍተ ነገር ተናገረ።

«ጋሽ ይማም፣ ለእንግዳዎ ልጨምር?»

አቶ ይማም አፋቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። «በቃኝ» ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። «በቃቸው» የሚል ባለቤት ደግሞ ገና አልተወለደም።

«ጨምር እንጂ!» አሉ። «ይሄም ይጠየቃል?»

ክንዱ ወደ እትዬ አመለወርቅ ዞረ። «እትዬ፣ ለእንግዳዎ ልጨምር?»

«ጨምር፣ ጨምር፣ አትሰስት!»

ወንበሩ ስድስት መቶ አሥር አለ። የእትዬ አመለወርቅ ወንበር ደግሞ ስድስት መቶ ሃያ፤ እሳቸው ጋ ያን ያህል ተመዝግቦ አያውቅም። አንድ ገበታ ቀረ።

ዓርብ ጠዋት ጦይባ አዳራሹ ስትገባ አባቷ ፊት ያለው ምግብ አልተነካም፣ አባቷም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረዋል። እትዬ አመለወርቅ ከፊታቸው ባዶ ጠረጴዛ ይዘው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ምነው?» አለች።

«ዓርብ አይደል?» አሉ አቶ ይማም ዝቅ ብለው። «እትዬ ጾመኛ ናቸው። እስከ ስድስት ሰዓት አይቀምሱም። እንግዳዬ ጦማቸውን ተቀምጠው እኔ ልበላ?»

ጦይባ ረቡዕና ዓርብ ጾም እንደሆነ ደሴ ተወልዳ አላወቅኩም ልትል ነው? ሁሉን አስባ ይሄን አላሰበችም። በመስታወቱ በር በኩል ሁለት ነጭ ለባሾች ተሽከርካሪ ወንበር ይዘው ቆመዋል። ሲስተር ትደነቅ ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ እያየች እንዳልሆነ መሰለች።

«አባዬ፣ እኔ ልቀመጥ፣ አብሬዎ...»

«አንቺ ብትበዪስ? እሳቸው ቁጭ ብለው እያዩን?»

እትዬ አመለወርቅ በሩ ላይ ያሉትን ሰዎች አዩ፤ ተሽከርካሪ ወንበሩን አዩ። በሦስት ዓመት ውስጥ በዚያ ወንበር ስንት ሰው ሲወጣ እንዳዩ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው እንጀራውን ቆረሱ፤ በቀጭን ጣታቸው ጠቀለሉት።

«ጋሽ ይማም።»

«ኧረ እትዬ፣ በቃኝ...»

«በሞቴ» አሉ እትዬ አመለወርቅ።

የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። አልቀለዱም። ቃሉን ያሉት ቀስ ብለው፣ ሞታቸው እዚያው ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ዕቃ እያሳዩ ነው። አቶ ይማም ዓይናቸው እንባ ሞላ። አፋቸውን ከፈቱ።

ሴትዮዋ ራሳቸው ሳይቀምሱ አንድ ገበታ ሙሉ አጎረሷቸው። አቶ ይማም በመሃል ሁለቴ እምቢ ብለው ነበር፤ ሁለቴም «በሞቴ ብያለሁ!» የሚል ቁጣ ወረደባቸው። ሲጨርሱ እትዬ አመለወርቅ ጣታቸውን በናፕኪን ጠርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ ምንም እንዳላደረገ ሰው።

ሲስተር ትደነቅ ወንበሩን አነበበች። ስድስት መቶ አምስት። በሩን ከፍታ ለነጭ ለባሾቹ የሆነ ነገር ነገረቻቸው፣ እነሱም ባዶውን ወንበር እየገፉ ሄዱ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ጦይባ ሄዳ አቀፈቻት። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ውስጥ የዕለቱ ቁጥር ገባ፤ ሦስት ነጥብ አምስት ይላል። ከስምንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተነቃነቀው።

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የጠረጴዛ እግር ወለሉን ሲፍቅ ዋለ። ጦይባ ቦርሳዋን ይዛ ሰገነቱ ላይ አባቷን ልትሰናበት ወጣች። ባቡሩ የዘጠኝ ሰዓቱ ነው፤ ፈቃዷ አልቋል፣ ኮምቦልቻ ሁለት ገንዳ ቆሞ ይጠብቃታል።

«እንዴት ነዎት፣ አባዬ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሂጂ በይ፣ እንዳያመልጥሽ።»

ግንባራቸውን ስማ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች። ተመልሳ ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ። ምነው?»

ጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እጃቸውን ያዘች፤ የመርፌ ጠባሳ ያለበትን አውራ ጣት። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀቻቸው፣ ከዚህ በፊት በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን።

«አባዬ፣ እንዴት ነዎት?»

አቶ ይማም ተራራውን አዩ።

«ፈራሁ፣ ልጄ» አሉ። «ስምንት ወር ሙሉ ፈርቼ ነበር።»

ጦይባ ራሷን ትከሻቸው ላይ አደረገች። ከታች ከጣቢያው የዘጠኝ ሰዓቱ ባቡር ሲነሣ ተሰማ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም። «ይንገሩኝ» አለች።